ሰሌዳውን ላወርድ ሄጄ

ወንድሜን ሰይድን ወንዝ ወሰደው።

ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። እጽፋታለሁ፣ እሰርዛታለሁ፣ ደግሞ እጽፋታለሁ። አሁን ይኸው ተጽፋለች። የቀረውን እንደመጣልኝ እነግራችኋለሁ። እኔ ጽሑፍ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ፣ ደብረ ታቦር ሞባይል ጥገና ቤት የምውል ልጅ ነበርኩ። የሰው ስልክ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፣ ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ። ሐሳቤ ሁሉ ከዚያ መውጣት ነበር፤ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ የትም።

ሰይድ ታላቄ ነው። ገና በልጅነቱ ጉና ተራራ ግርጌ ወዳለው ወደ ሸህ እንድሪስ ቁርአን ቤት ገብቶ ደረሳ ሆነ። ደረሳ ማለት ከቤተሰቡ ተለይቶ ሸሁ ጋ እየኖረ ቁርአን የሚቀራ፣ ማለትም የሚያነብ፣ ተማሪ ማለት ነው። ሸሁን ሁላችንም በአክብሮት ‹ሸሆች› እንላቸዋለን። ካደገ በኋላ ወሎ ወርዶ ኪታብ፣ የሃይማኖቱን መጻሕፍት፣ ቀራ፤ እዚያው ሳለም የመንግሥቱን ትምህርት በማታ ጨረሰ። ሲመለስ ብዙ ዕውቀትና አንድ ጭንቀት ይዞ መጣ።

ጭንቀቱን የነገረኝ ሱቃችን ቁጭ ብሎ ነው። አንድ ጎረምሳ ፊልም አስጭኖ ሲወጣ በዓይኑ ተከተለው።

«ይህ ልጅ ሸሆች ጋ ይቀራ የነበረው አይደለም?» አለኝ።

«ነው።»

«ቁርአን ቤት ጥሎ ነው የወጣው። ጀማል፣ የፈረንጁ ዓለም እኮ በር አያንኳኳም፣ ጫማም አያወልቅም። በዚህች ስልክ ገብቶ አልጋችን ላይ ተኝቷል። እኛ ደግሞ ልጆቹን ‹ወይ ሎህ ወይ ደብተር ምረጡ› እንላቸዋለን። ሲመርጡ የቱ እንደሚጣል አየኸው።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ሁለቱን አንድ ቤት አስገባቸዋለሁ።»

ሳቅኩበት። እሱ ግን አልሳቀም።

የድሮውን አቀራር ለማታውቁት ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ልጅ ሎህ አለው፤ ከእንጨት የተጠረበ መጻፊያ ነው። የዕለት ድርሻው በጥላሸት ቀለም ይጻፍለታል። ሁሉም በየፊናው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል፤ ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ሸሁ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ እየጠሩ ያደምጣሉ። ፈጣኑ ይሮጣል፤ ዘገምተኛው አንዲት መስመር ላይ ክረምትና በጋ ይፈራረቁበታል። ክፍል የለም፣ ፈተና የለም። ሴት ልጅ ከፍ ስትል ታቋርጣለች።

ሰይድ ከሳር ቤቱ አጠገብ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ከአረብ አገር የተመለሰችው ዘሀራ ለልጇ ለሀያት ስትል ዴስኮቹን አሠራችለት። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቸነከረ። የመኪና ቸርኬ ሰቅሎ ደወል አደረገው። ልጆቹን በደረጃ ከፈለ፤ ሴቶቹንም ወንዶቹንም። ቁርአኑን ከሰሌዳ እያነበበ ያስቀራቸዋል፤ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። ሸህ እንድሪስ አልከለከሉትም፣ አልመረቁትምም። «እናየዋለን» ብቻ አሉት።

ነገሩ የተበላሸው በጠመኔ ነው።

የሎህ ወግ አለው። ድርሻው ሲያልቅ በውሃ ይታጠባል፤ እጣቢው አይደፋም። ልጁ ይጠጣዋል፣ ወይም እግር የማይደርስበት ቦታ ይፈሳል፤ የአላህ ቃል ነውና። ሰይድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰሌዳውን እንደ መንግሥት ትምህርት ቤት በጨርቅ ጠረገው። ብናኙ መሬት ወረደ። ልጆቹ ሲወጡ ረገጡት። አያ ይመር፣ የወላጆቹ ሽማግሌ፣ በዚያች ሰዓት በር ላይ ቆመው ነበር።

«ቁርአን ተረገጠ!» ብለው ጮኹ። በሳምንቱ ግማሹ ልጅ መምጣት አቆመ።

ከዚያ ሰኔ ገባ። አንድ ከሰዓት እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበረች፤ ጉና ላይ ግን ጥቁር ብሎ ነበር። ያ ወንዝ እንዲህ ነው፤ ላይ ይዘንብና ታች ሳይታሰብ ይደርሳል። ሰይድን ደራሽ ጎርፍ ወሰደው። አያ ካሴ የሚባሉ የሸሁ ጎረቤት፣ ክርስቲያን ገበሬ፣ ታች ካለው ቁጥቋጦ ሥር አገኙት።

የሸሁ ቤትም የሰይድ ክፍልም ያሉት ከወንዙ ወዲያ ነው። ትምህርት ሳያልቅ ወደ ወንዝ የሚያስወርደው ነገር አልነበረም። ለምን ወረደ? ማንም አልመለሰልንም። ሰዉ ግን የራሱን መልስ አገኘ። ለቅሶው ሳይነሳ ሰማሁት፤ «የረገጠው ቃል ነው የጠራው» ተባለ።

እኔም፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ሌሊት ሌሊት ‹እውነት ቢሆንስ?› እላለሁ። ወንድሜን መቅበር አንድ ነገር ነው። የተቀጣ ወንድም መቅበር ሌላ ነው።

የአርባው ሰደቃ እንዳለፈ አባዬ ጠሩኝ። ከሰይድ ሞት ወዲህ አላለቀሱም፤ ዝም ብለው ይሸምናሉ።

«ነገ ሂድና ሰሌዳውን አውርደው» አሉኝ።

«አባዬ፣ ሰይድ እኮ…»

«ሰይድ የለም። ስሙ አለ። ያቺ ሰሌዳ እዚያ ተሰቅላ እስካለች ድረስ የልጄ ስም ከሰው አፍ አይወርድም። ለአያ ይመር ቃል ሰጥቻለሁ። አውርደህ ና።»

ሄድኩ። ጠዋት ወንዙ ጉልበት አይደርስም ነበር፤ በድንጋዮቹ ላይ እየዘለልኩ ተሻገርኩ። ልጆቹም የመንግሥት ትምህርት ቤት በክረምቱ ስለተዘጋ በጠዋት ለቂርአት እየተሻገሩ ነበር። አያ ካሴ የድንች ማሳቸው ዳር ቆመው አዩኝ።

«የከተማው ልጅ! ምን ይዘህ መጣህ?»

ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየኋቸው። የሱቄን መፍቻዎች ነው ያመጣሁት፤ የስልክ መፍቻዎች፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ። ሳቃቸው ማሳውን ሞላው።

«በዚህ ሰሌዳ ልትነቅል? በዚህስ የቁንጫ ጥርስ ይነቀላል! ሰይድ የመታውን ምስማር አላየህም ማለት ነው። ቆይ መዶሻና ጉጠት ላምጣልህ። ከብቶቹን ብቻ ላሰማራ።»

ያ ስንፍናዬ ነው ያስቀረኝ። በትክክለኛ መሣሪያ ብሄድ ኖሮ አውርጄ እመለስ ነበር፤ ይህንንም አልጽፍም ነበር።

አያ ካሴ መዶሻውን ይዘው ሲመጡ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ሸህ እንድሪስ ሳር ቤታቸው ውስጥ ያስቀራሉ። ሰላም ስላቸው እጄን ይዘው ቆዩ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ሰሌዳውን ልትወስድ ነው?»

«አዎ ሸሆች። አባዬ ልከውኝ ነው።»

«እ…» አሉና እጄን ለቀቁት። 

ቆርቆሮ ቤቱ ገባሁ። ከሰይድ ሞት ወዲህ ማንም አልገባበትም። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ መጥረጊያ፣ ዴስኮቹ እንደተደረደሩ። የመጀመሪያውን ምስማር ነቀልኩ፤ አስለፋኝ። ሁለተኛው ላይ ስታገል ቆርቆሮው በአንድ ጊዜ ጮኸ። በረዶ ነው። የጉና በረዶ። ጆሮ ያደነቁራል። በሩን ብከፍት ደጁ ነጭ ሆኗል።

ከበረዶው ማዶ ሌላ ድምፅ ነበር። ወፍራም ድምፅ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል። አወቅኩት። ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ግን አወቅኩት።

«ወንዙ መጣ!» አለ ከማል፣ ትልቁ ደረሳ፣ በሩጫ እየገባ። «ሳር ቤቱም እያፈሰሰ ነው። ሎሆቹ እየታጠቡ ነው!»

ልጆቹን ወደ ቆርቆሮ ቤቱ አስገባናቸው። ሎሆቻቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል፤ ቀለሙ በሸሚዛቸው ላይ ይወርዳል። ከማል ሸሁን ደግፎ፣ አጎዛቸውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ገባ። አጎዛውን የት እንደሚያነጥፈው ግራ ገባው። ሸሁ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄዱና ከሰሌዳው ሥር ተቀመጡ። እዚያ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

በረዶው ቆመ፤ ዝናቡ ቀጠለ። ወደ ወንዙ አፋፍ ወጣሁ። ጠዋት የዘለልኩባቸው ድንጋዮች የሉም። ቡናማ ውሃ ግንድ እየገለባበጠ ይነጉዳል። ከወዲያ ማዶ ወላጆች ተሰልፈው ይጮኻሉ፤ ቃላቸው አይሰማም። ዘሀራን በቀዩ ጃንጥላዋ ለየኋት። አያ ካሴ ክንዴን ያዙኝ።

«ዛሬ ማንም አይሻገርም። ውሃውን እንዲህ አፍጥጠህ አትየው።»

«ልሂድ…»

«ወዴት? አንድ ወስዷል፤ ይበቃዋል።»

ወደ ኋላም መንገድ የለም፤ ጉና ነው፣ ጭጋግና ገደል። ተያዝን። አያ ካሴ ለልጆቹ ድንች ቀቅለው አበሏቸው፤ ዴስክ ላይ ተኮራምተው አደሩ። እኔም አንድ ምስማር ብቻ የተነቀለለትን ሰሌዳ እያየሁ አደርኩ።

በማግስቱም ወንዙ አልጎደለም። ልጆቹ መነጫነጭ ጀመሩ። አንዱ እናቱን ይጠራል፣ አንዱ ሌላውን ይገፋል። ሀያት፣ የዘሀራ ልጅ፣ ከፊት ዴስክ ተቀምጣ ከማልን ትተነኩሰዋለች።

«ከማል፣ በእንግሊዝኛ ዝናብ ምን ይባላል?»

«ዝናብ ዝናብ ነው። ፈረንጅ ሲዘንብበት አይበሰብስም እንዴ?»

«ሬይን ነው! ሬይን! ኡስታዝ ሰይድ ሦስቴ ነው ያስጻፈህ!»

ልጆቹ ሳቁ። ሸሁም ጢማቸው ውስጥ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ስሜን ጠሩ።

«ጀማል። አስተምራቸው።»

«እኔ? ሸሆች፣ እኔ እኮ ቂርአቴ ደካማ ነው።»

«ሒሳብ ታውቅ የለ? እንደ ወንድምህ ጀምርላቸው። እሱ መጀመሪያ ቢስሚላህ ይጽፍ ነበር። ከሳር ቤቱ ሆኜ የጠመኔውን ድምፅ እሰማ ነበር።»

ጠመኔ ከመስኮቱ ላይ አገኘሁ፤ ሰይድ የተወው ቁራጭ ነው። ቢስሚላህ ጻፍኩ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ አነበቡት። ቤቱ ሞቀ። ከሥሩ የማባዛት ሒሳብ ጻፍኩ፤ ተንጫጩ፣ እጅ አወጡ። ለጥቂት ጊዜ ወንዙን ረሳሁት። እውነቴን ነው። ሰሌዳው ሞላ።

ማጥፋት አለብኝ። ጨርቁን አነሳሁ። እጄ ከቢስሚላህ ሥር ቆመ።

አልቻልኩም። ብጠርገው ይወርዳል፤ ከወረደ ይረገጣል። ባልጠርገው ትምህርቱ ቆሟል። ጨርቁን ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜ ቀረሁ። ሸሁም አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ የጨርቁን ድምፅ ነበር የሚጠብቁት።

«ጣሳውን አምጣና ነዋ» አለች ሀያት።

«የምን ጣሳ?»

«የኡስታዝ ሰይድ ጣሳ። መጀመሪያ ጊዜ ነው መሬት ያፈሰሰው። አያ ይመር ከጮኹ በኋላ ከሥሩ ጣሳ እየያዝን በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠርገው። አንድም አይወድቅም። ከዚያ ይዞት ይወጣል።»

«የት ይወስደዋል?»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አያውቁም ነበር። አጎዛው ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሸህ እንድሪስ ሙስባሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ጣሉት። ወደቀ ሳይሆን ጣሉት፤ እጃቸው ተከፈተ።

«ከማል፣ ልጆቹን ሳር ቤቱ ውሰድ። የገባውን ውሃ እየቀዳችሁ አውጡ።»

ሁለታችን ቀረን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይነካዋል።

«ተቀመጥ ልጄ።»

ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ።

«ወንድምህ አንድ ቀን መጣና ‹ሸሆች፣ ብናኙን በጣሳ ሰብስቤያለሁ። የት ላድርገው?› አለኝ። ኪታቡ ላይ ያለው ሁለት መንገድ ነው። እግር በማይደርስበት ንጹሕ መሬት መቅበር፣ ወይም በሚፈስ ውሃ መልቀቅ። ደጄ ላይ ወይራ አለ፤ ሥሩ ማንም አይረግጥም። አውቃለሁ። እኔ ግን ‹ወንዝ ውሰደው› አልኩት።»

በመስኮቱ ወይራውን አየሁት።

«ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝም?»

«ለምን?»

«በሰሌዳው ተናድጄ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያስቀራሁበትን ቤት በደወልና በጠመኔ የፈረንጅ ትምህርት ቤት ሊያደርግብኝ ነው ብዬ። ልከለክለው ደግሞ ማስረጃ የለኝም፤ ሐራም አይደለም። በየቀኑ ያንን ቁልቁለት ወርዶ ሲወጣ ይሰለቸዋል፣ ሲሰለቸው ይተወዋል ብዬ ነው።» እጃቸው አጎዛውን ይነጫል። «አልሰለቸውም። አንድ ቀን እንኳ አልሰለቸውም።»

አሁን ይህን ስጽፍ የተሰማኝን በትክክል ላስታውስ እሞክራለሁ። መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነው። እመኑኝ፣ ደስታ። ወንድሜ አልተቀጣም! ቃሉን ተሸክሞ ነው የሞተው! ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው። ፊት ለፊቴ ያሉትን ሽማግሌ አንገት ማነቅ አማረኝ። ተነስቼ በሩን ከፈትኩ፤ ከፊቴ ወንዙ ነበር። ዘጋሁት፤ ከኋላዬ እሳቸው ነበሩ።

«አርባ ቀን ሙሉ ሰው ‹ተቀጣ› ሲል ሰምተዋል» አልኳቸው። አንቱታዬን ግን አልተውኩም፤ ምላሴ እምቢ አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ቀብሩ ላይ ዱዓ አድርገዋል።»

«አድርጌያለሁ። ፈራሁ፣ ልጄ። ዝም ማለት በየቀኑ ይከብድ ነበር፤ መናገር ደግሞ ከዚያ የበለጠ። አሁን በእጅህ ነኝ። ብትናገር እውነት ነው። ግን ወላጆቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሎሁም ሰሌዳውም አብሮ ያልቃል፤ ሰይድ የደከመበት ሁሉ። ዝም ብትል ቤቱ ይቆማል፤ ወንድምህ ግን የተቀጣ ሆኖ ይቀራል።»

«እርስዎ ለምን አይናገሩም?»

«እችል እንደሆነ አላውቅም» አሉ። እንደ ልጅ ነበር ያሉት።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ሰዓት በሕይወቴ ረጅሙ ነው። ልጆቹ ተመልሰው ገቡ። ቢስሚላሁ እንደተጻፈ ነው፤ ማንም አልነካውም። የስሙ ጉዳይ እኔ እጅ ላይ ወድቋል። የሰይድን ስም ላድን ስል ሥራውን እገድላለሁ። ሥራውን ላድን ስል ስሙን እቀብራለሁ። ማንን ልጠይቅ? ሁልጊዜ የምጠይቀው እሱን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጉና ላይ ተነሳ። አያ ካሴ ገመድ ከግራር ግራር አሰሩ። ውሃው ጎድሎ ከወገብ የማያልፍ ሲሆን ወላጆቹ በገመዱ ተይዘው ተሻገሩ። አባዬም ነበሩ። ዘሀራ ሀያትን አቅፋ ሳመቻት፣ ቀጥላም በጥፊ ነካ አደረገቻት። «ጉንፋን ይዞሽ ከሆነ እገልሻለሁ!»

አባዬ ወደ ቤቱ ገቡ። ሰሌዳውን አዩት።

«አላወረድከውም?»

«አላወረድኩትም።»

«ለምን?»

የሰሌዳውን ጨርቅ አንስቼ አጣጠፍኩ። አያ ይመር ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ በርኅራኄ ነበር።

«አውርደው ልጄ። ወንድምህን የበላ ነገር ነው። ለሌላውም አይበጅ።»

«ወንድሜን የበላው…» አልኩና ቆምኩ። ሸሁን አየኋቸው። ሁሉም ዓይኔን ተከትሎ አያቸው።

ሸህ እንድሪስ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። ከማል ሊይዛቸው ሄደ፤ በእጃቸው መለሱት። ራሳቸው ነበሩ የተናገሩት። ጣሳውን፣ ወይራውን፣ ቁልቁለቱን፣ ንዴታቸውን፣ አንድም ሳያስቀሩ። ለእኔ ሲነግሩኝ ያላሉትንም ጨመሩ። «በዚያ ቀን ጉና ላይ ደመና ነበር» አሉ። «ዓይኔ ባያይም ቅዝቃዜው ነግሮኝ ነበር። ጣሳውን ይዞ በደጄ ሲያልፍ ኮቴውን ሰማሁ። ‹ዛሬ ቆይ› ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።»



አባዬ የልጅ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አልገባም፤ ወደ ጎን ዞረው ተቀመጡ።

«በየቀኑ ነበር የሚወርደው?» አሉ።

«በየቀኑ።»

«ሲዘንብም?»

«ሲዘንብም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አባዬ። ከዚያ አለቀሱ። ከሰይድ ሞት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጮክ ብለው፣ በሰው ፊት፣ ሳይሸፍኑ።

አያ ይመር ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፣ ደግሞ አስተካከሉ። «ታዲያ እኛ ይህን ሁሉ ቀን ምን ስንል ነው የከረምነው?»

«ስንል አይደለም አያ ይመር» አለች ዘሀራ። «ስትሉ። እኔ አላልኩም።»

«አንቺ ደግሞ ምላስሽን አረብ አገር ስለሽው ነው የመጣሽ!»

«እዚያማ ምላሴን ውጬ ነው የኖርኩት። እዚህ ነው የበቀለው።»

ማንም አልሳቀም፤ ግን ሰው መተንፈስ ጀመረ። ሁለት አባቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሸሁን ሳይሰናበቱ ወጡ። ሸሁ ኮቴያቸውን ሰሙ። ከዚያ ወደ አባዬ ድምፅ ዞሩ።

«አውፍ በለኝ» አሉ፤ ይቅር በለኝ ማለታቸው ነው።

አባዬ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ሸሆች፣ አልገደሉትም። ልከውታል እንጂ አልገደሉትም። ያንን አውቃለሁ። ግን ዛሬ አውፍ ማለት አይሆንልኝም። ሌላ ቀን ይጠይቁኝ።»

«እጠይቅሃለሁ።»

አባዬ ወደ እኔ ዞሩ። «መዶሻውን ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። ሰሌዳውን ሊገነጥሉት መሰለኝ። እሳቸው ጎንበስ ብለው የነቀልኩትን ምስማር ከመሬት አነሱ፣ በመዶሻው አቀኑት፣ በነበረበት ቀዳዳ አስገብተው መቱት። እስኪጠብቅ መቱት። ከዚያ መዶሻውን ለአያ ካሴ መልሰው፣ «የሚያስተምራቸው ሰው እስኪገኝ እዚህ ቆይ» አሉኝና ገመዱን ይዘው ተሻገሩ።

የሚያስተምራቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

አንባቢዎች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያልቅ ተራኪው ሰላም አገኘሁ ይላችኋል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወጥመድ ውስጥ ነኝ። ጓደኞቼ ባሕር ዳር ሆነው ፎቶ ይልኩልኛል። እዚህ ኔትወርክ የሚይዘው የአያ ካሴ ማሳ ላይ ስወጣ ብቻ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አይደርስም፤ ማንም አልያዘኝም፤ ግን አልሻገረውም። ጠዋት ለመሄድ እነሳለሁ፣ ከዚያ ቸርኬው ይደወላል።

የተለወጠውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከማል የቁርአኑን ፊደል በሰሌዳ ያስቆጥራል። እኔ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን አስተምራለሁ፤ ከማልም ከኋላ ተቀምጦ ‹ሬይን› ይላል። ሸሁ ሳር ቤታቸው አልተመለሱም፤ ከሰሌዳው ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ያደምጣሉ። ሰሌዳ ሁሉን በአንድ ጊዜ ያስተምራል፤ አንዱን ልጅ ግን አያደምጥም። ይህንን ሰይድም ያውቅ ነበር፤ ለዚህ ይመስለኛል ክፍሉን ከሸሁ ቤት አጠገብ የሠራው። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ሰው ሎህ ይዤ ከትንንሾቹ ጋር ተራዬን እጠብቃለሁ።

ከሄዱት ልጆች አንዱ ተመልሷል፤ ሌላው አልተመለሰም። አባዬ ሰደቃ ሲያወጡ ለሸሁ ይልካሉ። ሸሁ በየዒዱ ‹አውፍ በለኝ› ብለው መልእክት ይሰዳሉ። አባዬ ‹ሌላ ቀን› ይላሉ። ሁለቱም እየጠበቁ ነው። እኔ የማንንም አላጣድፍም።

እናንተም ልጆቻችሁን ከስልክ ወደ ኪታብ፣ ከኪታብ ወደ ደብተር የምትጎትቱ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። የማትወዱትን አዲስ ነገር ይዞ ልጅ ሲመጣባችሁ፣ ወይ ‹እሺ› በሉት፣ ወይ ‹እምቢ› በሉት። እንዲሰለቸው ብላችሁ ሩቅ አትላኩት። የማይሰለቸው ልጅ ይኖራል።

ከሰዓት ትምህርት ሲያልቅ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን። ተረኛው ልጅ ጣሳውን በሁለት እጁ ይይዝና ቀስ ብሎ ይወጣል። ወይራው ሥር ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ ዙሪያዋን በድንጋይ ከበናታል። እዚያ ያፈሳል። ሸሁ ከውስጥ ሆነው ኮቴውን ያዳምጣሉ፤ ወደ ወይራው መዞሩን ሲሰሙ ብቻ ሙስባሃቸውን መቁጠር ይቀጥላሉ።

ጣሳ ይዞ ወደ ወንዙ ማንም አይወርድም።